በሐጃ ሉጥፊያ ስም የቆመው ቤት

…በእግሯ ጣት አሸዋው ላይ መስመር አሰመረች፤ ወይም ያሰመርኩት እኔ ነበርኩ። ጫማዋን አውልቃ ነበር፣ ያን አስታውሳለሁ። የምትጠቀለልበትን ቶቧን በአንድ እጇ ሰብስባ «በሩ ከዚህ ይሁን፣ በሰሜን በኩል፣ ነፋስ እንዲገባ» ያለችው እሷ ናት። ወይስ ግንበኛው? ግንበኛው ራቅ ብሎ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ውሃ የሚሸጥ ሰው ከነአህያው እያለፈ ነበር፤ አህያው ቆሟል፣ ሰውየው ግን የምንነጋገረውን ይስማ አይስማ አላውቅም። ሌላ ሰው ነበር? ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ…

ይቅር በይኝ እህቴ። ሰላምታ ሳላስቀድም ከመሃል ገባሁ። ሰሞኑን ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ስለከረምኩ እስክሪብቶውን ስይዝ እጄ ከዚያው ጀመረ። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ልጀምር አስቤ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና ብጀምርም ከዚያው እንደምጀምር ገባኝና ተውኩት።

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ባለቤትሽ ወገቡ ተሻለው ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ነው የሚተኛው? ልጆቹስ? ትንሿ ፊደል ቆጠረች ብለሽኝ ነበር፤ እስከ የት ደረሰች? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ክብር ለእሱ ይሁን። ጥቅምት ገብቶም ሙቀቱ አልበረደም። ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው።

ደብዳቤሽን በየጊዜው የምትመላለሰው ይመኙሻል አድርሳልኛለች። ከበርበሬው ጋር አንድ ላይ ጠቅልለሽው ኖሮ ባነበብኩት ቁጥር ያስነጥሰኛል። ሰርክአዲስ፣ የጎን ክፍል የምትከራየኝ፣ «እትዬ፣ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው እንዲህ የሚያስለቅስሽ?» ብላ በመስኮት ጠየቀችኝ። በርበሬ ነው አልኳት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ።

እንግዲህ ከጓሮ ሁለቱን ክፍሎች ጨርሰሻል። ቆርቆሮው ተመቷል፣ የቀረው በር ብቻ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላከራይ ነው፣ አንቺ የስንት ዓመት አከራይ ነሽና ምከሪኝ፣ በስልክ ሳይሆን እያወጣሁ እንዳነበው በጽሑፍ ላኪልኝ ብለሻል። ጎንደር ውስጥ «ካርቱም ቤት ያላት እህቴ» እያልሽ እንደምታወሪም ጽፈሻል። እባክሽ እሱን ተይው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። በመጀመሪያ ግን የጠየቅሽኝን።

ክፍሉን ከማስረከብሽ በፊት ከተከራዩ ጋር አብራችሁ ግቡ። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የበሩን መቀርቀሪያ አብራችሁ እዩ። የተሰነጠቀ ካለ ተሰንጥቋል ብለሽ ጻፊ። እሱም ይፈርም፣ አንቺም ፈርሚ። እኔ ይህን የተማርኩት ሚልዮን ከሚባል ተከራይ ነው፤ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲወጣ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። «እትዬ፣ ስገባም እንዲሁ ነበር» አለኝ። እኔ ስትገባ ደህና ነበር አልኩት። እሱ በማርያም ማለ። እኔም ልምል አፌን ከፈትኩና ሲገባ ያየሁትን መስኮት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ሁለታችንም ቆመን የተሰበረውን መስታወት እናያለን። እውነቱን ነው የሚናገረው መሰለኝ። እኔም እውነቴን ነበር። ያን ቀን ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ክፍል ስንጥቅ፣ የእያንዳንዱ ምስማር ቀዳዳ በደብተሬ አለ።

ቁልፍ ሁለት ይኑረው። አንዱ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ ግን አትጠቀሚበት። ሰው ሥራ ሲሄድ ገብቶ ማየት ያምራል። እኔም አንድ ቀን አምሮኝ ሰርክአዲስ ክፍል ገባሁ። ምንም ልፈልግ አልነበረም። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን አየሁ፣ ይህ ግድግዳ የእኔ ነው አልኩ፣ ወጣሁ። ማታ ስትመጣ «እትዬ፣ ፍራሼን አለስልሰሽልኝ ሄድሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። ግን አሁን አሁን ያን ጊዜ ስለ ግድግዳው ያልኩትን አስባለሁ።

ከየት እንደመጣ ጠይቂ። የቀድሞ አከራዩን ሄደሽ አነጋግሪ። አከራዩ ከወቀሰው አጣሪ፤ በጣም ካመሰገነው ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ሊገላገለው ይሆናል። ለዘመድ ዘመድ አታከራዪ፤ ውጣ ማለት ሲያቅትሽ ቤቱን ትተሽ የምትወጪው አንቺ ትሆኛለሽ። የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ሲሰጡሽ ደስ አይበልሽ፤ በሦስተኛው ወር ጣራው ሲያፈስ ሰውየው የሚጠይቅሽ በሙሉ አፉ ነው። ከዝናብ በፊት ጣራ ላይ ውጪ። ራስሽ ውጪ፣ ሰው አትላኪ። ክፍሉ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ አትደንግጪ። ባዶ ክፍል አያስፈራም። ይህን የምልሽ ፊተኛው ክፍል አሁን ባዶ ሆኖ ስለሚያስፈራኝ ነው።

ምን ነበር? አዎ። መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ሳትጽፊልኝ ቀረሽ። በባለቤትሽ ስም ነው? በሁለታችሁ? አሁንም በአባቱ ስም ነው? ሄደሽ እዪው። ዛሬውኑ ሄደሽ እዪው።

ሐጃ ሉጥፊያን ከድሮ ደብዳቤዎቼ ታውቂያታለሽ። ጀብራ ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት ቤቷ የሠራሁላት፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረችው። ባሏን ስትቀብር አጠገቧ የነበርኩት። ቤት ሠራሁ ብዬ ስጽፍልሽ በማን ስም እንደሆነ አልጻፍኩልሽም ነበር። አንቺም አልጠየቅሽም። ማን ይጠይቃል?

እዚህ ያለን ሐበሾች የምናደርገው እንዲህ ነው። የስደተኛ ካርድ ይዘሽ መሬት በስምሽ አይጻፍልሽም ተባልን፤ ስለዚህ የምታምኚው ሱዳናዊ ትፈልጊያለሽ፣ በእሱ ስም ይጻፋል፣ አንቺ ትኖሪያለሽ። አማና ይሉታል፣ አደራ ማለት ነው። ወረቀት አይጠየቅም። ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳህን ስትበዪ ከኖርሽው ሰው ጋር «እስቲ ጻፍልኝ» ማለት ፊቱ ላይ እንደመትፋት ነው። ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ሳጃና ካፌ ውስጥ ብትጠይቂ አሥር ሰው እንዲህ አድርጓል፤ የሚያፍርበት የለም፤ እንዲያውም የሚኮሩበት ነገር ነው። የኔ ሱዳናዊ ከአንተ ሱዳናዊ ይሻላል እየተባባሉ ይቀላለዳሉ። እኔም ኮርቼ ነበር። ከደመወዜ የማልወስደው እሷ ዘንድ ይቀመጥ ነበር፣ ካላክላ ላይ መሬት ተገኘ ሲባል እሷ ሄዳ ፈረመች፣ ያን ዕለት አሸዋው ላይ መስመር አሰመርን። ያን ዕለት የተባለውን ሁሉ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

ለተከራይ የምስማር ቀዳዳ ሳይቀር የምጽፍ ሰው ስለ ቤቱ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

የነሐሴው ዝናብ የኋላውን ግድግዳ ጣለው። ሰው አልተጎዳም፤ ውሃው ሲገባ ሁላችንም ፍራሻችንን ተሸክመን መንገድ ላይ ነበርን፤ ሰርክአዲስ ምጣድ የሚያህል ቴሌቪዥኗን ራሷ ላይ አድርጋ «እትዬ፣ ለዚህኛው ክፍል ባሕር ያሳያል ብለሽ ኪራይ እንዳትጨምሪ» ትለኝ ነበር። ውሃው ሲጎድል ጡብ አስመጣሁ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰውዬ፣ ወረቀት የያዘ፣ መጥቶ ቆመ። «ያ ሐበሺያ፣ ማነው ፈቃድ የሰጠሽ?» አለኝ። ቤቱ የማን እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ አየ። «ሉጥፊያ የሚባሉትን አምጪያቸው። ይፈርሙና፣ ያላ፣ ነገውኑ ገንቢ።» ቀላል ነገር ነው አልኩ። ራክሻ፣ ያው የናንተ ባጃጅ፣ ይዤ ጀብራ ሄድኩ።

ክረምቱን ሙሉ አልሄድኩም ነበር። ይህ የኔ ጥፋት ነው። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፣ አህለን ያ በቲ፣ እንኳን መጣሽ ልጄ፣ ብላ አቀፈችኝ፣ እንደ ድሮው ነበረች። ግድግዳው መውደቁን ነገርኳት።

«የማን ግድግዳ?» አለች።

የካላክላው አልኳት።

«ካላክላ ማን አለሽ?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ ትወድ ነበር፤ ተማሪዎቿን ሳትስቅ ታስቃቸው ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና እንደ እናት «ከማን ነው የተከራየሽው? ጥሩ ሰው ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጥሩ ሰው ናት አልኳት። «ጥሩ ሰው ከሆነች» አለች ሐጃ፣ «ግድግዳውን ለምን አትሠራልሽም?»

ይህን ስጽፍልሽ ያስቃል። ያን ቀን ግን እቤት እስክደርስ መንገዱ ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሐፍላ፣ አውቶቡስ ማለቴ ነው፣ ተሳፈርኩ። የማውቀው መንገድ ነው።

ደጋግሜ ሄድኩ። አንድ ቀን ሳሙና ሰጥታኝ ግቢውን እጠቢ አለችኝ፤ አጠብኩ። አንድ ቀን አላወቀችኝም። አንድ ቀን፣ ከሁሉም የባሰው ያ ነው፣ «የኪራዩን ነገር እንዴት አደረግሽ?» አለችኝ፣ ለስለስ ብላ፣ የምታፍርልኝ ይመስል። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። አንድ ሰው ያለማመንታት ሲናገርሽ እሱ ትክክል ይመስልሻል።

ከዚያ ፋጤ መጣች። ልጇ ናት፤ ባል አግብታ ፖርት ሱዳን የምትኖር። እዚያ ቤት ሥራ ስጀምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ፣ ኻልቲ ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው። መጥፎ ልጅ አይደለችም። መጥፎ ብትሆን ኖሮ ምን ማሰብ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። የእናቷን የቆርቆሮ ሳጥን ስታስተካክል የካላክላውን የመሬት ወረቀት አገኘች። ሻይ አፈላችልኝና እያፈረች «ኻልቲ፣ ዩማ ካላክላ ቤት እንዳላት አታውቂም? አንቺም እዚያ ነው የምትኖሪው፣ አይደል? ለመሆኑ ተከራይ ነሽ?» አለችኝ። ዩማ የምትለው እናቷን ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። መስመሩን፣ አሸዋውን፣ አህያውን ጭምር። ስሰማው ለራሴም ተረት ይመስል ነበር። ፋጤ እጄን ያዘችኝ። «ኻልቲ፣ ወላሂ ትዋሻለሽ አልልም። ግን ወንድሞቼ አሉ። አንድ ነገር አምጪልኝ። ምስክር አለሽ?» አለችኝ። እናትሽ ናት ምስክሬ አልኳት። ፋጤ ወደ ግቢው አየች፤ ሐጃ ውጭ ተቀምጣ ከአንድ ሰው ጋር እንደምታወራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «ዩማ፣ ‹አባታችሁ ለሶላት ሄዷል፣ እስኪመለስ ምሳ እንዳይቀርብ› ትላለች» አለችኝ። «አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ። የሷን ቃል ምን ላድርገው?»

ምን ታድርገው?

እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አታንብቢው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። መሬቱ ከደመወዜ እንደተገዛ አውቃለሁ። ቆርቆሮውስ? ቆርቆሮውን የገዛችው እሷ መሆን አለባት፣ ያኔ ታምሜ ሦስት ወር ምንም አልሠራሁም ነበር። ወይስ ቆርቆሮው የመጣው ከዚያ በፊት ነው? «ያንቺ ነው» ብላኛለች? ወይስ «ኑሪበት» ነው ያለችኝ? በአእምሮዬ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ትለኛለች፣ ሁለቱንም ጊዜ በራሷ ድምፅ ነው። ተከራዮቼ ጠዋት «እንደምን አደርሽ እትዬ» ሲሉኝ ለአፍታ ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ። ከዚህ ቤት ብወጣ የምሄድበት ክፍል እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። በዚህ ዕድሜዬ ከማን ልከራይ ነው? የስንጥቅ ደብተር ከያዘ ሰው?

ሰርክአዲስ በምትሠራበት ሳጃና ካፌ የሐበሻ ጉዳይ ይዛል የሚባል አንድ ሙሐሚ ይመጣል፣ ጠበቃ ነው። እሷ አገናኘችኝ። ሰውየው ስኳሩን አራት ማንኪያ እየጨመረ ሰማኝ። ኢቅራር የሚሉት ወረቀት አለ፤ ሐጃ ‹ቤቱ በስሜ ቢሆንም የእሷ ነው› ብላ ቃሏን የምትሰጥበት። «መፈረም ባትችል አውራ ጣቷ ይበቃል። ምስክሮቹን ለኔ ተዪልኝ» አለ። አሁን አእምሮዋ ልክ አይደለም አልኩት። «ጠዋት ጠዋትስ?» አለ። ጠዋት ይሻላታል አልኩት። «እንግዲያው ጠዋት ነው። ቀኑን ደግሞ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ እንጽፈዋለን፤ ከሦስት ዓመት በፊት ጤነኛ አልነበረችም እንዴ?» ጤነኛ ነበረች። እውነት ነው። ጽፎ የሰጠኝን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰርክአዲስ ሻዩን እያነሳች «የራስሽን ነው እትዬ። ሌባ ማለት የሰው የወሰደ ነው» አለችኝ። የማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ይህ ንግግር ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ጀብራ ሄድኩ። ፋጤ መድኃኒት ልትገዛ እየወጣች ነበር፤ «ኻልቲ፣ እንኳን መጣሽልኝ፣ እስክመለስ ተቀመጪላት» አለችኝ። ልብሽ እንዲያውቀው ነው፣ ደስ ብሏት ነው ያለችኝ።

ሐጃ ዛፉ ሥር አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ወረቀቱና የጣት ቀለሙ ውስጡ ናቸው። እጇን ያዝኩ። ጥፍሯ በጣም አድጎ ነበር፤ ፋጤ ልብ አላለችውም መሰለኝ። መቁረጫ አመጣሁና ቆረጥኩላት፣ አንድ በአንድ፣ ግራውን ከዚያ ቀኙን። ስቆርጥላት «ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጥሩ ስም ነው» አለች። «በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አውቅ ነበር። ታማኝ ነበረች።» የቀኝ አውራ ጣቷን መጨረሻ አደረግሁት። ጣቷ ምንም አልከበደኝም፤ ወደምወስደው ሁሉ ይሄዳል።

ፋጤ ስትመለስ ጥፍሯን አሳየኋት፣ አመሰገነችኝ፣ ምሳ ብዪ አለችኝ፤ ዓርብ ባይሆንም ጾም ነው አልኳት። ራክሻው ውስጥ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። እቤት ገብቼ በሳሙና ታጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ሌላ የምመክርሽ ነገር ነበረ። ጠፋኝ። ከጻፍኩት ውስጥ የሚጠቅምሽን ውሰጂ፣ ሌላውን ለሰው ስታነቢ ዝለዪው፤ ወይም አንቺው ብቻሽን አንብቢው። በሮቹን ከብረት አሠሪያቸው። ለተማሪዎቹ አትክፊባቸው፣ እናቶቻቸው ሩቅ ናቸው።

ጣራሽ አያፍስስ። ግድግዳሽ ይጽና። በደጅሽ የገባ ሁሉ በደህና ገብቶ በደህና ይውጣልሽ፤ የጠላትሽ ጥላ ካጥርሽ አይጠጋ። ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ። ወንድ ልጅ ከሆነ ለባለቤትሽ ወገብ እልከው የነበረውን ቅባት ይመኙሻል ይዛለች፣ ማታ ማታ ይቀባ።

ታላቅ እህትሽ፣
ካላክላ፣ ዓርብ፣ ጥቅምት 2006

ቅዳሜ ነው። ይመኙሻል የምትሄደው ነገ ስለሆነ ፖስታውን አላሸግሁትም ነበር። ከላይ ስለ ወገቡ የጻፍኩትን አሁን ሳነበው «ወንድ ልጅ ከሆነ» ብያለሁ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። እለፊው።

ረፋድ ላይ በራችን ላይ ራክሻ ቆመ። ሐጃ ሉጥፊያ ነጭ ቶብ ለብሳ፣ የዳይሬክተርነት ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ፋጤ ከኋላዋ ናት፤ ላብ አጥምቋታል። «ኻልቲ፣ ማዓሌሽ፣ ይቅርታ» አለችኝ፣ «ከንጋት ጀምሮ የሐበሺያዋ ቤት ውሰዱኝ፣ ክፍል እከራያለሁ ትላለች። ብላት ብላት አልሰማ አለችኝ። የሐበሺያዋ ቤት ነው ያለችው፣ በራሷ አፍ። እኔም ሰማሁ፣ ለወንድሞቼም በስልክ ነገርኳቸው።» ይህን ስትል ፈገግ አለችልኝ። ልጅ ሆና ጸጉሯን ስጨርስላት እንደምትስቀው።

እኔ መሬቱን ነበር የማየው። ጣቷ ያረፈበት ወረቀት ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ፍራሼ ሥር ነው።

ሐጃ ሰላምታዬን ተቀብላ «ባዶ ክፍል አለ ተብዬ ነው» አለች። ፊተኛውን ክፍል ከፈትኩላት። ለማንም እንደማደርገው አብረን ገባን። እንደሷ ያለ ተከራይ አይቼ አላውቅም። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ጠየቀች። ጎረቤት ማን ነው፣ ይጮሃል ወይ? ሰርክአዲስ በመስኮቷ ብቅ ብላ በዓረብኛ «እኔ ነኝ ሐጃ፣ የምጮኸው ደመወዝ ቀን ብቻ ነው» አለቻት። ሐጃ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ስንጥቁን ለማሳየት እጇን ወደ መስኮቱ አነሳች።

«ዩማ» አለች ፋጤ፣ «ጣትሽ ምን ነካው?»

ሐጃ አውራ ጣቷን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ጥፍሩ ሥር፣ ቆዳው እጥፋት ውስጥ፣ ሰማያዊው ቀለም አለ። «ምርጫ ነበር» አለች። «ሰልፉ ረጅም ነበር። መርጫለሁ።»

ፋጤ አልሳቀችም። የእናቷን ጣት ያዘች፣ ገለበጠችው፣ አዲስ የተቆረጠውን ጥፍር አየች። ከዚያ ቀና ብላ የኔን እጆች አየች። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ፤ ቁልፉ በአንዱ አለ።

«የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ?» አለችኝ ሐጃ። የዳይሬክተር ድምፅ ነው፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሰርክአዲስ በአማርኛ «አዎ በያት እንጂ እትዬ! ምን ያስፈራሻል፣ በልጇ ፊት እኮ ነው የጠየቀችሽ!» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ፋጤ ትጠብቃለች። አዎ ለማለት አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ፣ የሁለት ወር እንቅልፌን ያጣሁበት ቃል፣ ማንም ሳይነካት፣ በራሷ እግር መጥታ የሰጠችኝ። ፋጤን እያየሁ ያን ቃል ማውጣት አቃተኝ።

ሐጃ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ እንደምታልፍ አለፈችኝ። «ካላወቅሽ ግድ የለም» አለች፣ «ባለቤቷ እስክትመጣ ውስጥ ሆኜ እጠብቃታለሁ።» ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ገባች። በሩ ተዘጋ።